አራት ጣት ዝቅ ያለው ቱቦ

ሞያሌ ውስጥ ውሃ ድምፅ የለውም። በቢጫ ጄሪካን ታሽጎ፣ በአህያ ጋሪ ተጭኖ ይመጣል፤ በርሜል ውስጥ ሲገለበጥ ለአንድ አፍታ ያጉረመርምና ዝም ይላል። እኔ ደግሞ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ከሚጮኽ ውሃ ጋር ነው። ስለዚህ ሥራ ካቆምኩ ወዲህ ምን እንደናፈቀኝ ሰው ሲጠይቀኝ መልሴ አጭር ነው፤ ድምፁ። ይስቁብኛል። ማንያታ ሰፈር፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተቀምጦ ላቡን እየጠረገ «የወንዝ ድምፅ ናፈቀኝ» የሚል ሽማግሌ ቢያስቅ አልፈርድባቸውም።

ሥራዬ ከትንንሽ ወንዞች መብራት ማውጣት ነበር። የመንግሥት መስመር በማይደርስበት ቦታ የሚኖር ሰው፣ በጓሮው ጅረት ካለው፣ ወደ እኔ ይመጣል። ሄጄ ውሃውን እለካለሁ፤ ውሃው የሚወርድበትን ከፍታ እለካለሁ፤ ከላይ እስከ ታች ቱቦ ዘርግቼ እታች ተርባይን አስቀምጣለሁ። ውሃው በቱቦው ወርዶ፣ ተርባይኑን አዙሮ ወደ ወንዙ ይመለሳል። ነገሩ ይኸው ነው። ጅረት በሌለበት ከተማ ቤት ሠርቶ እንዲህ ያለ ሙያ መያዝ ምን ይሉታል ካላችሁ፣ ባለቤቴም ዕድሜ ልኳን የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው።

ጡረታ ወጣሁ ስል ሽኝት ተደርጎልኝ አይደለም። ሥራው ነው ቀድሞኝ የወጣው። ከምሠራበት ብየዳ ቤት ፊት ለፊት አንድ የሶላር ዱካ፣ ማለትም ሱቅ፣ ተከፈተ። ሰው ጠዋት ሰሌዳውን ገዝቶ፣ ከሰዓት ጣሪያው ላይ ሰክቶ፣ ማታ መብራት ያበራል። እኔ ወንዙን ለመለካት ብቻ በጋና ክረምት እጠብቃለሁ። ማን ይጠብቀኛል? ጉልበቴም እየከዳኝ ሄደ። አንድ ቀን ወደ ቤት ስመለስ ባለቤቴ ሳታማክረኝ በራሳችን ጣሪያ ላይ ሶላር አሰቅላለች። «ወንዝህ ማንያታ እስኪደርስ ብዬ ነው» አለችኝ። የዚያኑ ሰሞን መሣሪያዎቼን ጠቅልዬ ቤት አስገባሁ።

ከመሣሪያዎቹ ውስጥ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት አንዱን ብቻ ነው። ውስጡ የሚታይ፣ ረጅም ቀጭን የፕላስቲክ ጎማ ነው፤ ግንበኞች ውሃ ልክ የሚሉት። የእኔ አይደለም፤ የጋሽ ወርቅነህ ነበር።

ከደጋ አገር ወደ ሞያሌ የመጣሁት በወጣትነቴ ነው። ድንበሩን ተሻግሬ ኬንያ በኩል ጋሽ ወርቅነህ ብየዳ ቤት ተቀጠርኩ። በርና መስኮት እንሠራለን፤ የውሃ ቦቴዎችን ታንከር እንጠግናለን። ደመወዙ ለእንጀራ ይበቃ ነበር፤ ለወጥ ግን ቅዳሜና እሑድም መሥራት ያስፈልጋል። ጋሽ ወርቅነህ ግን ሌላ በሽታ ነበረበት። በልጅነቱ ደቡብ አገር አንድ ሚስዮን ውስጥ ተርባይን ሲተከል አብሮ ሠርቷል። ከዚያ ወዲህ የሆነ ቦታ ጅረት አለ፣ መብራት ግን የለም የሚል ወሬ ከሰማ አያስችለውም። የጀመረውን በር ግማሹን በይዶ ትቶት ይሄዳል። እኔንም ይዞኝ ይሄዳል።

ወንዝ ዳር ሲደርስ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ምንም ነገር አለማድረግ ነበር። ጫማውን ያወልቃል፣ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ ከኪሱ ቆሎ አውጥቶ ፍሬ በፍሬ ይቆረጥማል። አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዓት። እኔ ባልዲውን ይዤ ከኋላው ቆሜ በንዴት እበስላለሁ። ቆሎው ሲያልቅ ይነሣና ሰው ፍለጋ ይሄዳል። የሚፈልገው ባለቤቱን አይደለም፤ እዚያው ያረጀ፣ እግሩ ደህና የሆነ ሰው ነው። «አባቴ፣ ይህን ወንዝ አብረን እንውረደው» ይለዋል። ቱቦው ከሚጀምርበት ቦታ በላይ ተነሥተው ተርባይኑ ከሚቀመጥበት በታች እስኪደርሱ ዳር ዳሩን ይሄዳሉ። ስለ ዛፉ፣ ስለ ጋብቻው፣ እዚያ ድንጋይ ላይ እግሩ ስለተሰበረ ሰው ያወራሉ። በመሐል ግን ጋሽ ወርቅነህ የማይዘላት አንዲት ጥያቄ ነበረችው።

«ክፉ ዓመት ሲመጣ እዚህ ማን ይመጣል?»

እኔ ይህን የሽማግሌ ጨዋታ እለው ነበር። ለእኔ ሥራው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ፣ ባልዲው ሲነሣ ነው። ትንሽ ጅረት ከሆነ ውሃውን በአንድ ቦይ ሰብስበን ባልዲው በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ እንቆጥራለን። ውሃው ከበዛ ሎሚ እንለቃለን፤ ሎሚው አሥር ሜትር ለመሄድ የፈጀበትን ጊዜ እንይዛለን። ሎሚ ጥሩ ነው፤ ግማሽ አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሚሰምጥ ንፋስ አያታልለውም። ሰባት ጊዜ እንለካለን። ጊዜውን ወደ ሊትር ቀይሬ ሰባቱን ቁጥር ስጽፍ ጋሽ ወርቅነህ በትከሻዬ ላይ አጮልቆ ያያል።

«ትልቁን ሰርዝ፣ ጌቱ።»

«ለምን? ልክ ነው እኮ የለካሁት።»

«ሰርዘው። እሱ ሊሸጥልህ የመጣ ደላላ ነው። ትንሿን ያዝ፤ አብራህ የምትኖረው እሷ ናት።»

ከፍታውን የምንለካው በጎማው ነበር። ጎማው ውሃ ተሞልቶ አንዱን ጫፍ እሱ ይይዛል፤ ሌላውን እኔ ይዤ ዳገቱን እወጣለሁ። ሁለቱ ጫፎች ላይ ውሃው እኩል ይቆማል፤ በመሐላችን ያለውን ልዩነት በምልክት በተከፈለ ዱላ እናነባለን። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ላይ፣ እንደገና አንድ እርምጃ። ቀን ሙሉ ይፈጃል። የከፍታው ሜትርና የውሃው ሊትር ተባዝቶ ስንት አምፖል እንደሚያበራ ይነግርሃል፤ ጋሽ ወርቅነህ ግን የተገኘውን በግማሽ ይቀንሰውና ያንን ለባለቤቱ ይናገራል። ባለቤቱ ያኮርፋል። መብራቱ ሲበራ ግን ከተነገረው ይበልጣል፤ ያኔ ሰው ሁሉ ይስቃል።

እንዲህ እያልን ብዙ ቦታ ዞርን። በኬንያ መሐል ደጋ ለአንድ ሻይ አብቃይ ሠራን፤ ሰውየው ከሚስቱ ይልቅ ለአምፖሉ ሰላምታ ይሰጥ ነበር። አንድ የእርዳታ ድርጅት ለጥቂት ጊዜ ቀጥሮን አለቃችን የሆነው ልጅ ከወንዙ ይልቅ ካርታውን ያምን ነበር፤ ካርታው ላይ ሰማያዊ መስመር ያለበት ቦታ ሄደን አሸዋ አግኝተን ተመልሰናል። ድንበር ላይ አንድ የጉምሩክ ሰው ጎማውን፣ ባልዲውንና ግማሽ ኪሎ ሎሚውን ጠረጴዛ ላይ አስደርድሮ «ምዜ፣ ሂ ኒ ዳዋ ጋኒ?» ብሎ የምን መድኃኒት እንደሆነ ጠየቀ። ጋሽ ወርቅነህ ፊቱን ሳይለውጥ «ዳዋ ያ ጊዛ» አለው፤ የጨለማ መድኃኒት ማለቱ ነው። ሰውየው ሳቀና አንድ ሎሚ አስቀርቶ አሳለፈን። የሚናፍቀኝ ይህ ሁሉ ነው። ያን ጊዜ ግን እኔ የምናፍቀው ራሴን ችዬ፣ ያለ ቆሎና ያለ ሽማግሌ ጨዋታ፣ በሁለት ቀን ለክቼ የምጨርስበትን ጊዜ ነበር።

ያ ጊዜ መጣ። ጋሽ ወርቅነህ ወገቡን ታሞ ተኝቶ ሳለ አንዲት መበለት ከልጇ ጋር ብየዳ ቤቱ መጣች። አዴ ሎኮ ትባላለች፤ ልጅቷ ቦኬ ናት። የሚኖሩት ከሞያሌ ወደ ሰሜን፣ አንድ ቀን በመኪና፣ ከዚያ ግማሽ ቀን በእግር በሚያስኬድ ኮረብታ ላይ ነው። ጥቂት ቡና፣ ጥቂት በቆሎ፣ በጓሯቸውም በጋ የማይደርቅ ወንዝ አላቸው።

«ኦቦ ጌታቸው» አለችኝ፣ «እህል ለማስፈጨት በአህያ ቀኑን ሙሉ እንሄዳለን፣ በማግስቱ እንመለሳለን። ቦኬ ትምህርቷን የተወችው በዚያ መንገድ ነው። መብራቱ ቢቀር ግድ የለኝም፤ ወፍጮ ግን እቤቴ ድረስ ይምጣልኝ። ሰፈሩ እኔ ዘንድ ይፈጫል፣ እኔም ከዚያ እኖራለሁ።»

«ብዙ ያስወጣል፣ አዴ ሎኮ።»

«ላሞቼን እሸጣለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁለት አስቀራለሁ።»

ለእነሱ ላም መሸጥ ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ በቅጡ አልገባኝም። እኔ የታየኝ የመጀመሪያው የራሴ ወንዝ ነው።

ሥራውን በስንፍና ሠራሁት ብዬ ብናገር ይቀለኝ ነበር። ግን አይደለም። በጋው ሊያልቅ ሲል፣ ውሃው ትንሽ በሆነበት ጊዜ ሄድኩ። ሎሚውን ሰባት ጊዜ ለቀቅኩ፣ ትንሿን ቁጥር ያዝኩ። የጎማውን አንድ ጫፍ ቦኬ ይዛልኝ ዳገቱን እርምጃ በእርምጃ ወጣሁ። ወፍጮው ጉልበት ስለሚፈልግ፣ በበጋ ወንዙ ውስጥ ያለውን ውሃ በሙሉ ማለት ይቻላል ቱቦው እንዲወስደው አቀድኩ። አዴ ሎኮ ይህን ስነግራት ፊቷ ላይ ሐሳብ አየሁና «ውሃው እኮ አይጠፋም፤ አንዲት ጠብታ ሳትቀር ታች ይመለሳል» አልኳት። እውነቴን ነበር።

በመሐል፣ ወንዙ ወደ ግራ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ሣሩ አጭር የሆነ ሰፊ ሜዳ ነበር። ቱቦ ለመዘርጋት የሚመች ቦታ ስለሆነ ደስ አለኝ። ሣሩ ለምን አጭር እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ወፍጮው የተነሣበትን ቀን እስከምሞት አልረሳውም። ቫልቩን ቀስ እያልኩ ከፈትኩ፤ ቱቦው መጀመሪያ አየር ተፋ፣ ሳለ፣ ከዚያ ተንቀጠቀጠ። ተርባይኑ ዞረ፣ ቺንጋው ተወጠረ፣ የወፍጮው ድንጋይ አጉረመረመ። አዴ ሎኮ ከድንጋዩ ሥር የወጣውን ትኩስ ዱቄት በመዳፏ ተቀብላ ጉንጯ ላይ አደረገችው። ሴቶቹ እልል አሉ። ሞያሌ ተመልሼ ለጋሽ ወርቅነህ ስነግረው አልጋው ላይ ቀና ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ደስታው ልክ አልነበረውም፤ ስለዚህ ሌላ ነገር አልጠየቀኝም።

በሁለተኛው ዓመት ዝናቡ ጠፋ። በሚቀጥለውም ወቅት ጠፋ። አንድ ጠዋት ቦኬ ደወለች። «ኦቦ ጌታቸው፣ ከብቶቹ መጡ» አለችና ማልቀስ ጀመረች። የምን ከብቶች እንደሆኑ አልገባኝም ነበር።

የሆነውን ኋላ የነገረኝ ጃርሶ ነው። ጃርሶ የዳበል ሰው ነው፤ ከእኛው ከሞያሌ ቆላ። ክፉ ድርቅ ሲመጣ አባቱም፣ የአባቱም አባት ከብቶቻቸውን ወደዚያ ኮረብታ ይነዱ ነበር። በየዓመቱ አይደለም፤ ሌላው ሁሉ ሲያልቅ ብቻ ነው። የሚያጠጡትም ያ ሣሩ አጭር የሆነው መታጠፊያ ላይ ነው። ከዚያ በታች ወንዙ ገደል ውስጥ ይገባል፤ እኔ «ይመለሳል» ያልኩት ውሃ የተመለሰው ላም መውረድ የማትችልበት ገደል ውስጥ ነበር። ጃርሶና ጓደኞቹ ከብቶቹን ብዙ ቀን ነድተው መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ያገኙት ደረቅ ድንጋይ ነው።

«ምድር የሞተች መሰለኝ፣ ፉንዲ» ይለኛል ይህን ሲያወራ፤ የእጅ ባለሙያን ፉንዲ ነው የሚለው። «ከዚያ ያንን ጥቁር ነገር አየሁ። ቱቦ። ጆሮዬን ለጠፍኩበት። ውስጡ ቢሻን፣ ውሃ፣ ይሮጣል። ከብት በጥማት እየወደቀብኝ ቢሻን በጆሮዬ እሰማለሁ።»

መጥረቢያ ይዘው ነበር። ቱቦውን መቁረጥ የአንድ አፍታ ሥራ ነው። ጃርሶ ግን ወጣቶቹን ከለከላቸው። በእነሱ አገር የሰው እጅ የደከመበትን ውሃ ሳይጠይቁ መንካት ነውር ነው፤ ድርቅም ቢሆን። ስለዚህ ባለቤቱን ሊጠይቅ ዳገቱን ዞሮ አዴ ሎኮ ቤት ድረስ ሄደ። መንገዱ ሩቅ ነው። አዴ ሎኮ የፈጨችውን ጥላ፣ ነጠላዋን ሳታነሣ ወደ ላይ ሮጠች፤ በገዛ እጇ ሳንቃውን ጥላ የቱቦውን አፍ ዘጋች። ውሃው መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ግን ብዙዎቹ ላሞች ተኝተው ነበር። የተኙት አልተነሡም።

በሦስተኛው ቀን ስደርስ ሽታው ገና ከሩቅ ተቀበለኝ። አዴ ሎኮ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«እዚህ ከብት እንደሚጠጣ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት፤ አፌ ያመጣው ይህን ነው፣ ዛሬም ያሳፍረኛል።

«የምታውቅ መስሎኝ» አለች። «ከብት ውሃ እንደሚጠጣ የማያውቅ ሰው አለ? አይጠፋም ስትለኝ እነሱንም ያሰብክ መስሎኝ።»

ሳንቃውን እንዳነሣላት፣ ዝናብ ሲመለስ ወፍጮውን እንዳስነሣላት ለመንኳት። «እንግዳ በሬ ላይ ቆሞ ውሃ ለመነኝ» አለች። «አባቴ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ አያውቅም። ያ ነገር ሁለተኛ አይዞርም።» ላሞቿ ተሸጠዋል፤ ወፍጮዋ ቆሟል። ቦኬ በማግስቱ አህያውን ጭና ወደ ድሮው የወፍጮ መንገድ ስትወጣ አየኋት።

ሞያሌ ተመለስኩ። ጋሽ ወርቅነህ ያን ጊዜ በምርኩዝ ይሄድ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ሰባቱ ቁጥር፣ ስለ ትንሿ፣ ስለ ጎማው ሳይቀር። ልኬቴ ሁሉ ልክ እንደነበር አስረዳሁት።

«ወንዙን ከማን ጋር ወረድከው?» አለኝ።

«ብቻዬን።»

ቆሎውን ከኪሱ አውጥቶ ግማሹን እጄ ላይ አፈሰሰልኝና ተቀመጥን። ሊጨልም ሲል «ሰውየውን ፈልገው» አለኝ። ያ የመጨረሻው የሥራ ትእዛዙ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም፤ አንድ ዓመት ሳይሞላው አረፈ። ጎማውን ለእኔ እንዲሰጡኝ ለልጆቹ ነግሯቸው ነበር፤ ብየዳ ቤቱንም እኔ ያዝኩት።

ጃርሶን ዳበል ሄጄ አገኘሁት። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ሊመታኝ ይችላል ብዬ ነበር። ጥላ ሥር አስቀመጠኝ። ወተት አላቀረበልኝም፤ የሚታለብ አልነበረውም። ይቅርታ ስለው እጁን አወናጨፈ። «ጠላት አይደለህም። ያልጠየቅክ ሰው ነህ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ለገበያ ሞያሌ ሲወጣ ብየዳ ቤቴ ብቅ ማለት ጀመረ። ሻይ ይጠጣል፣ ብልጭታውን ላለማየት ፊቱን አዙሮ ያወራኛል። እኔም ያለዚያ ሰው የማልውል ሆንኩ።

ጃርሶ በወጣትነቱ የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች ላይ አባ ሄሬጋ ነበር፤ የውሃ ተራ ጠባቂ ማለት ነው። የማን ከብት ዛሬ እንደሚጠጣ፣ የማን ነገ እንደሚጠጣ እሱ ነው የሚያውቀው። ሰው ሁሉ በጉድጓዱ አፍ ላይ ሲጨቃጨቅ፣ እሱ ዱላውን ይዞ ተራውን ይናገራል፤ ያበቃል። ስለ ሥራው ሲያወራ እኔ ስለ ወንዞቼ ሳወራ የምሆነውን ይሆናል፤ ዓይኑ ይርቃል። ሁለታችንም የሥራችንን ድምፅ የምንናፍቅ ሽማግሌዎች ነን።

አንድ ቀን እንዲሁ ስለ ተራ ሲያወራ በጣቴ አቧራው ላይ መሣል ጀመርኩ። ወንዙ ላይ የተሠራውን የሲሚንቶ ሳጥን ሣልኩ፤ ውሃው መጀመሪያ የሚገባው እዚያ ነው። ከሳጥኑ የሚወጣውን የወፍጮውን ቱቦ ሣልኩ። ከእሱ በታች፣ አራት ጣት ዝቅ አድርጌ፣ ሌላ ቱቦ ሣልኩ፤ ይኸኛው ወደ መታጠፊያው ወርዶ ገንዳ ውስጥ ይፈስሳል። ውሃው ሲሞላ ሁለቱም ይወስዳሉ። ሲጎድል የውሃው ፊት ከላይኛው ቱቦ በታች ይወርዳል፤ ወፍጮው ይቆማል፤ ታችኛው ግን የተረፈውን ሁሉ ለከብቱ ያደርሳል። ማንም ሳንቃ አይጥልም፣ ማንም አይለምንም። ጃርሶ ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ይሄ እኮ አባ ሄሬጋ ነው» አለ። «ሲሚንቶ የበላ አባ ሄሬጋ!» ሳቁ ከመንገዱ ማዶ ተሰማ።

አዴ ሎኮ ከእኔ ሐሳብ እንደማትቀበል አወቅን። ጃርሶ ግን ላሞቹ የሞቱበት ሰው ነው፤ እሱን ትሰማው ይሆናል። እኔ በዚህ ጉልበቴ ያን ዳገት መውጣት አልችልም። አንድ ቁራጭ ቱቦና አራት ጣት የሚያህል ምልክት ያለበት ዱላ ሰጠሁት፤ በሚቀጥለው ዝናብ ወደ ላይ ወጣ። ሲመለስ «እንዴት ሆነ?» ስለው «ሰማችኝ» ብቻ አለ። ደጋግሜ ጠየቅኩት። ወሬ ይቀይራል። እኔም እንቢ ብላዋለች፣ ሊነግረኝ አፍሮ ነው ብዬ ተውኩት። ብየዳ ቤቱን የዘጋሁት በዚያው ሰሞን ነው።

ባለፈው ሳምንት ጃርሶ ቤቴ መጣ። ዘንድሮም ዝናቡ ቀርቷል፤ የዳበል ከብት ወደ ላይ ከወጣ ቆይቷል፤ እሱም እዚያ ሰንብቶ መመለሱ ነበር። አቧራውን እንኳ አላራገፈም። «ስልክህን አምጣ፣ ፉንዲ» አለኝ። ቁጥሩን ራሱ ደውሎ ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ።

«ኦቦ ጌታቸው» አለች አዴ ሎኮ። ድምፅዋን ከዚያ ቀን ወዲህ አልሰማሁትም ነበር፤ አርጅቷል።

«አዴ ሎኮ» አልኩ።

«ወፍጮው ቆሟል» አለችኝ።

«ማለት … ይሠራ ነበር?»

«ታችኛው ቱቦ ከገባበት ከአምና ዝናብ ጀምሮ ይፈጫል። አልነገረህም?»

ጃርሶን አየሁት። ጣሪያውን ያያል። «አንድ ጊዜ በደግ ዓመት አይተን ተሞኘን» አለ። «ክፉው እስኪመጣ ሳልነግርህ ጠበቅኩ።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ቆመ?» አልኩ በስልኩ። የድሮው ሰው ተነሣብኝ። «ማጣሪያው ተደፈነ? ቺንጋው ተበጠሰ?»

«ምንም አልሆነም። ውሃው ጎደለ። ላይኛው አየር ሳበና ቆመ። ታችኛው ይወርዳል።» ቀጠለች። «ከቆላ መጡ፣ ኦቦ ጌታቸው። ብዙ ናቸው። አንድም ሰው በሬ ላይ አልቆመም። አንድም ሰው አልለመነኝም። ቀጥታ ወርደው አጠጡ። እኔ መምጣታቸውን ያወቅኩት በድምፃቸው ነው።» ከዚያ «ቆይ» አለችና ስትራመድ ሰማሁ።

መጀመሪያ ንፋስ ነበር። ቀጥሎ የእረኞች ፉጨት መጣ፣ የኮቴ ድምፅ መጣ፣ አንዲት ላም ጮኸች። ከዚያ ሁሉ ሥር ውሃ ነበር፤ ገንዳ ውስጥ ሳያቋርጥ የሚወርድ ውሃ። ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁት። በሥራ ዘመኔ የተከልኩት ተርባይን ቆመ ሲሉኝ እንቅልፍ አጥቼ ነበር የማድረው፤ ይኸኛው ግን መቆም ባለበት ቀን፣ ማንም ሳይነካው፣ ቆመ። አለቀስኩ። ባለቤቴ ሰው የሞተብኝ መስሏት ከጓዳ ሮጣ ወጣች።

«ዝናብ ሲመጣ ራሱ ይነሣል ብለሃል አሉ» አለች አዴ ሎኮ።

«ራሱ ይነሣል።»

«ሲነሣ እደውልልሃለሁ። ድምፁን ትሰማለህ።»

ስልኬን የምሞላው በባለቤቴ ሶላር ነው፤ እሷም ይህን ሳታነሣብኝ አትውልም። ጃርሶ ተመልሶ ወደ ላይ ወጥቷል። እኔ ጠዋት ጠዋት ደጅ ወጥቼ የሰሜኑን ሰማይ አያለሁ፤ ከዚያ በኩል የመጣ ሾፌር ካገኘሁ ደመና አይቶ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። አዴ ሎኮ እስከ ዛሬ አልደወለችም።